የኮሌታው ወረቀት

በስፌት ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት «እማማ መርፌ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «መርፌ» ብቻ። እኛም የምናወራው ዞር ባለችበት ነውና መርፌ እንበላት። ስሙ ከሥራዋ የወጣ ይመስላል፤ ቁልፍ የምትተክለው፣ ኮሌታ የምታሰናዳው እሷ ናትና። የሚያውቋት ግን ከምላሷ እንደወጣ ያውቃሉ። የምትወደውን ሰው ትሰድበዋለች፤ የማትወደውን ታከብረዋለች። «እንዴት አደሩ፣ ጌታው» ካለችህ ነገር ተበላሽቷል፤ ጨርቄን ማቄን ሳትል ውጣ።

ቤቱ አንድ ረጅም ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር የቆራጩ ጠረጴዛ፣ መሐል ላይ የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ ካውያ። ቆራጩ የቤቱ ባለቤት ነው፤ መላጣ፣ ትከሻ ሰፊ፣ መቀስ ካልያዘ እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ። መኪናው ላይ የምትቀመጠውን ሴት «ሬዲዮ» ይሏታል፤ ስልኳ ከጠዋት እስከ ማታ ፖድካስት ያወራል፣ እሱ ሲያርፍ እሷ ትተካለች። ካውያውን የምትይዘው «ካውያዋ» ናት። ጥቂት ትናገራለች፤ የተናገረችው ግን እንደ ሱሪ መስመር ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ያን ጠዋት የአስተናጋጅ ሸሚዝ ነበር የያዙት፣ ሦስት መቶ። መርፌ ጨርቁን ዘርግታ፣ የኮሌታውን ወረቀት አስቀምጣ፣ ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምራለች። የኮሌታ ወረቀት ማለት አንገቱ የሚቆረጥበት ልክ ነው፤ አንዴ በደንብ ከተሠራ ዓመት ያገለግላል። የእሷው ወፍራምና ልስልስ ነበር፣ ጠመኔ የማይበሳው። ሥራ ሲያልቅ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል።

«ዛሬ የማሰማችሁን ሳትሰሙ እንዳትሞቱ፣» አለች ሬዲዮ ስልኳን የክር ሣጥኑ ላይ እያቆመች። «አገር ምድሩ የሚናከሰው በዚህ ቃለ ምልልስ ነው።»

«ሰው ሲናከስ ለመስማት ስልክ ምን ያደርጋል፤ እዚሁ አለን አይደል፣» አለች መርፌ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የራስ ጌታ» የሚባል ማኅበር አለ። ሰውን ከስንፍናው አላቅቄ፣ ራሱን አሳውቄ፣ ጌታ አደርገዋለሁ የሚል። መጀመሪያ የሁለት ቀን ሥልጠና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰባት እርከን ያለው መሰላል አለ ይላሉ። አንዳንዱ ሁለተኛው ላይ ደክሞት ይወርዳል፣ አንዳንዱ እንደወጣ ይቀራል። የፖድካስቱ አዘጋጅ ስድስተኛው እርከን ላይ የደረሰች አንዲት ሴት አቅርቦ ያናግራታል። ማንነቷ እንዳይታወቅ ድምፅዋን አወፍረውት፣ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ወንድ አስመስለውታል። አድማጩን ያጣላው ታዲያ አዘጋጁ ነው። ግማሹ «አንድ ጠንከር ያለ ጥያቄ ሳይጠይቅ ጭራሽ አስተዋወቀላቸው» ይላል፤ ግማሹ «ሴትዮዋ ትናገር፣ አፏን የሚዘጋው ማን ነው» ይላል።

ስፌት ቤቱም ሳይውል ሳያድር ለሁለት ተከፈለ።

«ሌባ ነው ያ መሪያቸው፣» አለ ቆራጩ። «ጌታ አደርጋችኋለሁ እያለ ሎሌ ይሰበስባል።»

«ጋሼ ደግሞ፣ ለእርስዎ ሁሉም ሰው ሌባ ነው፣» አለች ሬዲዮ። «ሴትዮዋ እኮ ተለወጥኩ እያለች ነው፣ በገዛ አፏ።»

«ሰካራምም አልሰከርኩም የሚለው በገዛ አፉ ነው።»

ካውያዋ እንፋሎቷን ለቀቀችና «ጠያቂው ነው ጥፋተኛው፣» አለች። «ልብስ ሳያገላብጡት አይተኮስም።»

ስልኩ ውስጥ አዘጋጁ ሴትዮዋን ስለ ልጅነቷ ጠየቃት። በርሜሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ ቁልፍ መትከል እያስተማረቻት ነበር። አንድ ቀን የአንድ ሸሚዝ ስምንት ቁልፍ ብቻዋን ተክላ፣ ደስ ብሏት ለእናቷ አቀበለች። እናትየው ሸሚዙን ደንበኛ ፊት ወደ ላይ አንሥታ አየችው፤ ከዚያ መቀስ አነሣችና ስምንቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ ቆርጣ «እንደገና» አለቻት።

«ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ሲወድቁ የተሰማው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም፣» አለ ድምፁ። «እስካሁን ቁልፍ ያለው ልብስ አልለብስም።»

የመርፌ ጠመኔ ቆመ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እሷ ግን ወጊ ሆናም አልረሳችም። ሸሚዙ ሰማያዊ ነበር። ቁልፎቹ ላልተው ነበር የተተከሉት፤ ደንበኛው ሁለት ቀን ሳይለብሰው ይረግፉ ነበር። ማታ የልጅቷን እጅ በእጇ ይዛ፣ ክሩ እንዴት ተጠምጥሞ እንደሚቋጠር ስምንት ጊዜ አሳይታታለች። ያን ስምንት ጊዜ ማንም አልተረከውም።

ልጅ እንዳላት ስፌት ቤቱ ያውቃል። «ሩቅ አገር ሥራ ይዛለች» ነው የምትላቸው። ሩቅ አልነበረም፤ ከከተማው ዳር፣ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ልጅቷ «የራስ ጌታ» ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ። መርፌ አንድ ቀንም ሄዳ አላየቻት። የሄደችው እሷ፣ የምትመለሰውም እሷ፤ እናት ልጇን ደጅ አትጠናም ብላ ነበር።

«ምን ዓይነት አውሬ ናት እናቲቱ፣» አለች ሬዲዮ። «እግዜር መካን ቢያደርጋት ምን ነበረበት።»

«እኔንም እየቀጠቀጡ ነው ያሳደጉኝ፣» አለ ቆራጩ። «ማኅበር ገባሁ?»

«አልገቡም፤ ፀጉርዎ ግን ይኸው አለቀ።» ሳቁ። ሬዲዮ ዞር አለች። «እማማ መርፌ፣ ምነው ዛሬ ዝም አሉ? ይቺን እናት እንኳ አይሰድቡልንም?»

«ልሰድባት ነው፣» አለች መርፌ። «ቃል እየመረጥኩ ነው።»

ድምፁ ቀጠለ። አምስተኛው እርከን ላይ «መፈታት» የሚባል ሥርዓት አለ አለ። ለወለደህ ሰው ደብዳቤ ትጽፋለህ፤ የበደለህን ትነግረዋለህ፤ አርባ ቀን ትጠብቃለህ። መልስ ከመጣ፣ ምንም ዓይነት መልስ ይሁን፣ ወርደህ ሄደህ ታየዋለህ። ካልመጣ ተፈትተሃል።

«ስድብም ቢሆን ይበቃኝ ነበር፣» አለ ድምፁ። «እናቴ ደግሞ ስድብ አታጣም። ዓለሙን ሁሉ ስትሰድብ ኖራ ለእኔ አንዲት አላገኘችም። አርባ ቀን በር በሩን አየሁ። ዝም አለች። አሁን ነፃ ነኝ። አሁን ... ደስተኛ ነኝ።»

መርፌ ያቺን የድምፅ መያዝ ሰማቻት። «ደስተኛ» ከማለቷ በፊት ያለችውን፣ ትንፋሽ የማትሞላውን። ድምፁን ቢያወፍሩትም ያቺን አላወፈሯትም።

እዚህ ላይ ማንም የማያውቀው ነገር መነገር አለበት። መርፌ ማንበብ አትችልም። ፊደል ከነወንድሞቹ ለእሷ የዝንብ እግር ነው። ይህን ልጇም አታውቅም፤ ባሏ ነበር የሚያውቀው፣ እሱም ይዞት ተቀበረ። ልጅቷ ተማሪ ሳለች ማታ ማታ ደብተሯን አስይዛ «ጮክ ብለሽ አንብቢ» ትላታለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ ከጎን ታያለች። ዓይኗ ሳይሆን ጆሮዋ ነበር የሚያስጠናው። ልጅቷ ያልገባትን ስትዘል ድምፅዋ ጥቂት ይይዛታል፤ ያኔ መርፌ ጣቷን ገጹ ላይ ጥላ «ዘለልሽ፣ ተመለሽ» ትላለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ልጅቷ እናቴ የተማረች ናት ብላ ነው ያደገችው።

ደብዳቤው መምጣቱን ታስታውሳለች። አሥራ አንድ ወር ይሆነዋል። ደብዳቤ አመላላሹ ባለሞተር ደጃፏ ላይ አስፈረማት፣ ፖስታው ወፍራም ስለሆነ «ላንብብልዎ እንዴ፣ እማማ?» አላት። «ዓይኔ ጠፋ ብሎ ማን ነገረህ?» ብላ በሩን ዘጋችበት። ልጅቷ ከዚያ በፊት ሦስት አራት ጊዜ የማኅበሩን የጥሪ ወረቀት ልካ ነበር፣ ና ተነሥ ራስህን እወቅ የሚለውን። ይሄም ያው ነው ብላ ገለጥ አድርጋ አየችው፤ የዝንብ እግር ነው። ወረቀቱ ግን ጥሩ ወረቀት ነበር። ወፍራምና ልስልስ።

መርፌ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ከእጇ ሥር፣ ዙሪያውን በጠመኔ አቧራ ነጥቶ፣ እንደ ጨረቃ ጎብጦ ተኝቷል። በልጇ ደብዳቤ የስንቱን አንገት ለክታበታለች።

በምሳ ሰዓት ቆራጩ ወንበሩ ላይ አንገቱን ጥሎ አንቀላፋ፣ ሬዲዮ ክር ልትገዛ ወጣች። መርፌ ወረቀቱን ይዛ ካውያዋ ዘንድ ሄደች።

«ይቺን አንብቢልኝ እስቲ። መነጽሬ ደከመብኝ።»

ካውያዋ የያዘችውን ካውያ አቆመች። «የመነጽርዎ የቀኝ መስታወት ከወደቀ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እማማ።»

መርፌ ጣቷን ወደ መነጽሯ ላከች። ጣቷ በባዶው ክብ አልፎ ዐይኗን ነካው።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ፣ አንቺ የድንጋይ ልጅ?»

«እርስዎም ዝም ብለው ነበር።»

ካውያዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ያዘችው። ከደብዳቤው የቀረው አንገት የሚያክል ነው፤ ሌላው ከጨርቅ ቁራጭ ጋር ያኔውኑ ተጠርጎ ሄዷል። ቀስ ብላ አነበበች፤ በተቆረጠበት ሁሉ ቆም ትል ነበር።

«‹እማ፣ ይህን ስጽፍ ምን እንደምንጽፍ እነሱ ነግረውን ነው፤ ይህችን መስመር ግን› ... እዚህ ተቆርጧል። ‹ያን ቀን ቁልፎቹን› ... ተቆርጧል። ‹ስድብም ይሁን፣ አንድ ቃል ብቻ› ... ከዚህ በታች ደግሞ ‹ብትመጪ ግን› ይላል።»

«ብትመጪ ግን ምን?»

«አንገቱ ነው፣ እማማ። አንገቱ የተቆረጠበት ነው።»

አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው ይላሉ። መርፌ ወረቀቱን ገለበጠችው፣ ከጀርባው የተረፈ ቃል እንዳለ ብላ። ነጭ ነበር።

ይሄኔ ሬዲዮ ክሯን ታቅፋ ገባች፤ ከሩቅ ጀምራ እያወራች። «አስተያየቱን አያችሁት? አንዱ ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ፣ ‹እናቲቱ ደብዳቤውን አንብባ ዝም ካለች መልሷ እሱ ነው› ...»

«እናቲቱ እኔ ነኝ፣» አለች መርፌ። «አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም። ኮሌታ አደረግሁት። በይ አሁን ስደቢኝ፣ ጀምረሽ ነበር አይደል።»

ሬዲዮ ተዘጋች። ከተከፈተች ጀምሮ እንዲያ ተዘግታ አታውቅም። ቆራጩም ነቅቶ ኖሮ መላጣውን ይደባብስ ጀመር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተሠራ ሸሚዝ የለም። ሬዲዮ «ፕሮግራሙ የአድማጭ ድምፅ ይቀበላል» አለች፤ ስልኩን መርፌ አፍ ላይ ደቀነችው። መርፌም እናቷ እኔ ነኝ አለች፤ የሸሚዙን ቀለም ተናገረች፤ ማንበብ አልችልም አለች፤ ለማታውቀው ሰው ስትናገረው ድምፅዋ እንዳይዛት ጥርሷን ነክሳ። ተላከ። ሳምንት ሙሉ ጠበቁ። ሬዲዮ የምታወራው አጥታ ስፌቷ አማረ።

በሳምንቱ አዘጋጁ ለስላሳ ድምፁን ይዞ መጣ። ቃለ ምልልሱ ብዙ እንዳነጋገረ አመሰገነ። ከዚያ «እናቷ እኔ ነኝ ያሉ አሥራ አራት እናቶች ድምፅ ልከውልናል፣» አለ። «የእንግዳችንን ማንነት ለመጠበቅ የአንዳቸውንም አናሰማም። እንግዳችንም ቢሆን ከውጭ የሚመጣ ድምፅ እንደማትሰማ ነግራናለች።» ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

«አሥራ አራት?» አለ ቆራጩ። «አሥራ አራት እናት ያላት ልጅ አንዲትም የላትም ማለት ነው።»

«የሸሚዙን ቀለም እኮ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፣» አለች ሬዲዮ፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «ሌሎቹ በምን ነው የእኔ ናት የሚሉት?»

«ሁላችንም አንድ ቀን የሆነ ነገር ቆርጠናል፣» አለች ካውያዋ።

አድማጩ ደግሞ እንደገና ተናከሰ፤ አሁን እውነተኛዋ እናት የትኛዋ ናት እያለ። ሬዲዮ «የእኛዋ ናት፣ አብረን ነው የምንሠራው» ብላ ጻፈች። አንድ የማታውቀው ሰው «ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» ብሎ መለሰላት። ስምንት ሰው ሳቀበት።

መርፌ ተነሣች። «ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። የምልሽን ጻፊ። አንዲት ቃል ከጨመርሽ እነቅልሻለሁ።»

ሬዲዮ ጻፈች። እንዲህ ነበር የሚለው፤

«አንቺ ጆሮ ደፍን። እናትሽ ማንበብ አትችልም። ስታነቢልኝ የነበረውን ሁሉ በጆሮዬ ነው የያዝኩት። ወረቀትሽን ሳላውቅ ኮሌታ አደረግሁት፣ ዓመት ሙሉ አስተናጋጅ ለበሰሽ። ደስተኛ ነኝ ያልሽው ውሸት ነው፣ እዚያ ጋ ዘለልሽ፣ ሰምቼሻለሁ። ውጪና ነይ። የቁልፉን ነገር ፊት ለፊት እንሰዳደባለን።»

«መጨረሻው ላይ ‹ውዴ› ልበልበት?» አለች ሬዲዮ።

«ውዴ ካልኳት ሌላ ሰው ነው የጻፈው ትላለች።»

ሬዲዮ አብራት ልትሄድ ቦርሳዋን አነሣች። መርፌ ግን «ልጄን ለማየት አስተርጓሚ አያስፈልገኝም» አለች። እዚህ ላይ ሰው ሊቆጣት ይችላል። እኔ ግን ስድሳ ዓመት የተሸከሙትን ኩራት በአንድ ጠዋት ጥሎ የሄደ ሰው አላየሁም።

የማኅበሩ ቤት ግንቡ ነጭ ነው፣ በሩም ነጭ ነው፣ በሩ አጠገብ ያለችው መቀበያ ክፍልም ነጭ ናት። አንድ ባንኮኒ፣ አንድ አበባ፣ አንድ ወጣት። ወጣቱ ጥርሱ የተደረደረ፣ ሸሚዙ ቁልፍ የሌለው በራስ የሚጠለቅ ዓይነት ነው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እናታችን።»

«እናትህ አይደለሁም። ብሆን ቀጥ ብለህ ትቀመጥ ነበር። ልጄን ጥራልኝ።»

የልጇን ስም ነገረችው። ፈገግ አለ። እዚህ ቤት ማንም በግድ አልተቀመጠም አለ። ስድስተኛው እርከን ላይ ያሉ ግን ዘመድ አያገኙም፤ የተጻፈ ነገር ካለ እሱ አይቶ ያሳልፋል፤ ያውም በወር አንድ ቀን ነው፣ ዕድለኛ ሆነው ዛሬ ነው አለ። መርፌ ደብዳቤውን ሰጠችው። ወጣቱ አነበበው። አንዴ ቀና ብሎ አያት፣ መነጽሯን፣ ባዶውን ክብ፤ ተመልሶ አነበበው።

«ይህ ቃል ያቆስላል፣ እናታችን። በቤታችን የሚያቆስል ቃል አናስገባም።»

«ስድብም ቢሆን ይበቃኛል ብላለች። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ያ አምስተኛው ላይ ሳለች ነው። አልፋዋለች።» ከመሳቢያው የታተመ ወረቀት አወጣ፣ ከሥሩ ግልባጭ ያለው። «ብዙ ወላጆች በዚህ ነው የሚልኩት። ከፈረሙበት ዛሬውኑ እጇ ይገባል።»

«ምን ይላል?»

አነበበላት። «‹ልጄ ሆይ፣ የተሰማሽን ሰምቻለሁ። መንገድሽን አከብራለሁ። በፍቅር ከአንቺ ጋር ነኝ።›»

መርፌ ጆሮዋን ጥላ አዳመጠች። ድምፁ እንደ ዘይት ነው፤ የሚይዝበት፣ የሚዘልበት የለም። የተማሪ ድምፅ ነው የምታውቀው እሷ፤ የሚዋሽ ሰው ይፈራል ብላ ነው የኖረችው። የማይፈራ ሰው ሲያነብ ሰምታ አታውቅም።

«ይዤው ልሂድና ላስበው።»

«የሚቀጥለው ቀን በወሩ ነው። ለውጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሰባተኛው እርከን ላይ ከወጣች ደብዳቤም የለም።»

ማንበብ እንደማትችል የነገረው የገዛ ደብዳቤዋ ነበር። ይህ በመንገድ ላይ ነው ትዝ ያላት። እዚያ ሳለች ያሰበችው ፊርማዋን ነው። ፊርማዋ ጥምዝምዝ ያለች ቀንድ አውጣ ናት፣ ሁለት ነጥብ ያላት፤ ልጇ ትምህርት ቤት ሳለች የውጤት ካርዷን በዚያችው ነበር የምትፈርመው። ልጅቷ «እማ ቀንድ አውጣሽ ዓይን አላት» እያለች ትስቅ ነበር። ይህችን ሌላ ሰው አይሥላትም። ቃሉን ማንም ያትመው፣ ቀንድ አውጣዋን ስታይ እናቴ ደጅ ቆማ ነበር ትላለች።

ፈረመች። ሁለቱን ነጥብ ጠበቅ አድርጋ አኖረች። ወጣቱ ዋናውን ይዞ በውስጥ በር ገባ፣ ግልባጩን እሷ ይዛ ወጣች። የራሷን ደብዳቤ አልመለሰላትም።

ስፌት ቤት ስትደርስ ሦስቱም ሥራ አልሠሩም ነበር። ግልባጩን ለሬዲዮ ሰጠቻት። «ጮክ ብለሽ አንብቢ።»

«‹ልጄ ሆይ፣ የተሰማሽን ሰምቻለሁ። መንገድሽን አከብራለሁ። ... በፍቅር ከአንቺ ጋር ነኝ።› ጥሩ ነው፣ እማማ። ደስ ይላል።»

«ዘለልሽ፣» አለች መርፌ።

«ኧረ አልዘለልኩም።»

«ልጅ አስጠንቼ አሳድጌያለሁ። ‹አከብራለሁ› ካልሽ በኋላ ያዘሽ። ተመለሽ።»

ሬዲዮ ካውያዋን አየች። ካውያዋ አንብቢላት በሚል አንገቷን ነቀነቀች። ሬዲዮ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«‹መንገድሽን አከብራለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በአካልም ሆነ በሰው ላልፈልግሽ፣ ላልጠይቅሽ፣ ላልልክብሽ በፈቃዴ ተስማምቻለሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ዝም ያልኩት አስቤበት ነው። ይህንኑ በፊርማዬ አጸናለሁ። በፍቅር ከአንቺ ጋር ነኝ።›»

ሁሉም ባንዴ መናገር ጀመሩ። ቆራጩ ሕግ ባለበት አገር ነው ያለነው፣ ክስ ነው የሚያስፈልገው አለ። «ፈርመዋል እኮ» አለች ካውያዋ። ሬዲዮ ለፕሮግራሙ እንደገና እንላክ፣ ይሄንን ወረቀት ፎቶ አንሥተን እንላክ አለች። «አሥራ አምስተኛዋ እናት ነው የሚሏት» አለ ቆራጩ። ሬዲዮም፣ እርስዎ ደግሞ ዝም ብለው ተስፋ ማስቆረጥ ነው ሥራዎ አለችው። እሱም፣ ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ያንቺ ስልክ ነው አላት። ልክ ያን ጠዋት እንደነበሩት ሆኑ፤ አንዱ ይሄን ሲል አንዱ ያን፤ ሁሉም ልክ ነበሩ፣ ከልክነታቸው ግን የሚለበስ ነገር አልወጣም።

መርፌ አልሰማቻቸውም። እሷ ያየችው ያቺን ነጭ ክፍል ነው፤ ከውስጥ በሩ ወዲያ አንዲት ቁልፍ የሌለው ልብስ የለበሰች ሴት ወረቀት ስትቀበል። መጀመሪያ ወደ ታች ነው የምታየው፣ ወደ ፊርማው። ቀንድ አውጣዋን ታውቃታለች። ለማመሳከር እንኳ ሌላ አያስፈልጋትም።

ወደ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። የኮሌታውን ወረቀት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ቆራጩ በካርቶን ሌላ ሠርቶ ምስማሩ ላይ ሰቅሎት ነበር። አንድ ሸሚዝ አነሣች፣ ስምንት ቁልፍ ቆጥራ ጭኗ ላይ አኖረች። መርፌውን ያዘች፣ ክሩን አስጠጋች። ክሩ በቀዳዳው ጎን አለፈ። እንደገና አስጠጋች፤ እንደገና አለፈ። ያ እጅ ጨለማ ውስጥ ክር የሚያስገባ እጅ ነበር።

መርፌውንና ክሩን ወደ ሬዲዮ ዘረጋች።

«አስገቢልኝ፣ እባክሽን፣» አለች።

ክርክሩ ቆመ። «እባክሽን» የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምተው አያውቁም ነበር። ሬዲዮ ተቀበለቻት፤ የክሩን ጫፍ በምራቋ አራሰች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። እሷም ሁለት ጊዜ ሳተችው።